ከሩቅ የመጡ ጫጩቶች፦ ከመፈልፈያ እስከ ድብ ባሕር

አንዲት ጫጩት ከእንቁላል በወጣችበት ዕለት የምትመዝነው 40 ግራም ገደማ ነው። ቢሾፍቱ ላይ የተፈለፈለች እንደ ሆነ ከመሰሎቿ ጋር በካርቶን ሣጥን ታሽጋ የአዲስ አበባን ብርድ ታልፋለች፤ የዓባይን በረሃ ወርዳ ትወጣለች፤ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር አድርጋ ጎንደር ትገባለች። ከጎንደር ደባርቅ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። ከዚያ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁል ወርዳ ድብ ባሕር ስትደርስ ገና ውኃ አልቀመሰችም፤ ጥሬም አልለቀመችም።

ይህን መንገድ ሳትሞት የምትጨርስ መሆኗ ያስደንቃል። የሚያሳዝነው ግን ብዙዎቹ መንገዱን ጨርሰው ከደረሱ በኋላ መሞታቸው ነው። ሣጥኑ ሲከፈት ሁሉም ይንጫጫሉ፤ ተቀባዩ ደስ ይለዋል፤ በሁለተኛው ቀንም ነገሩ ደኅና ይመስላል። በአራተኛው ቀን ጠዋት በሩ ሲከፈት ማዕዘን ላይ ተደራርበው የቀሩ ጫጩቶች ይቆጠራሉ። ባለቤቱ በሽታ ገባብኝ ብሎ መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የገባ በሽታ የለም። በአራተኛው ቀን የሞተችው ጫጩት የተጎዳችው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ለመሞት ሦስት ቀን ፈጀባት እንጂ።

ጉዳዩ የጥቂት አርቢዎች ብቻ አይደለም። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የተደረገው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዶሮንና እንቁላልን ከወተት፣ ከማርና ከሥጋ ጋር በአንድ ረድፍ ካስቀመጠ ወዲህ፣ የአንድ ቀን ጫጩት ተቀብሎ ማሳደግ በገጠር ከተሞች የወጣቶችና የሴቶች ማኅበራት የሚሰማሩበት ሥራ ሆኗል። የሚሠራው ደግሞ ብዙ ጊዜ በብድር ነው። ብድሩ ጫጩቷ ብትኖርም ብትሞትም ይከፈላል። ለ300 ጫጩት የተበደረ ማኅበር በመጀመሪያው ሳምንት 60 ቢሞትበት የጠፋው የ60 ጫጩት ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የቀሩት 240 የሞቱትን ዕዳ ተሸክመው ማደግ አለባቸው።

አስኳሉ የሰጠው ጊዜ

ጫጩት ያለምግብና ያለውኃ ረጅም መንገድ መጓዟ ጭካኔ ይመስላል፤ ነገር ግን ተፈጥሮ ለዚህ ያሰናዳላት ስንቅ አለ። ከመፈልፈሏ ጥቂት ቀደም ብሎ ከእንቁላሉ አስኳል የተረፈው ክፍል በእምብርቷ በኩል ወደ ሆዷ ይገባል። ከዚህ ስንቅ ለሁለት፣ ቢበዛ ለሦስት ቀን የሚሆን ጉልበት ታገኛለች፤ ከእናቷ የተላለፈላት የበሽታ መከላከያም በውስጡ አለ። ምክንያቱን ለማየት ያቀፈች የሐበሻ ዶሮ መመልከት ይበቃል። እንቁላሎቿ በአንድ ሰዓት አይፈለፈሉም፤ አንዱ ዛሬ፣ ሌላው ነገ ይሰበራል። የመጀመሪያዋ ጫጩት የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስ ከእናቷ ክንፍ ሥር ሳትበላ መቆየት አለባት። አስኳሉ የተሰጣት ለዚያ ነው።

የዓለም የጫጩት ንግድ የቆመው በዚህች አጭር ጊዜ ላይ ነው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ የአንድ ቀን ጫጩት በፖስታ ሲያደርስ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። በእኛም ሀገር የቢሾፍቱ ፈልፋዮች፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በመቀሌ ሥራ የጀመረው ኢትዮ ቺክን፣ በክልላችንም የአንዳሳና የኮምቦልቻ የዶሮ ብዜት ማዕከላት ጫጩት ወደ ሩቅ ወረዳ መላክ የቻሉት አስኳሉ በሚሰጠው ጊዜ ነው።

ሆኖም ሁለት ነገሮች ይዘነጋሉ። አንደኛው፣ አስኳሉ ምግብ ነው እንጂ በቂ ውኃ አይደለም። ጫጩቷ በየትንፋሿ ውኃ ታጣለች፤ ሣጥኑ በሞቀ መጠን የምታጣው ይበዛል። ሁለተኛው፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው መኪናው ከተነሣበት ሳይሆን ጫጩቷ ከእንቁላል ከወጣችበት ጊዜ ጀምሮ ነው። በመፈልፈያ ማሽን ውስጥ የመጀመሪያዋና የመጨረሻዋ ጫጩት ብዙ ሰዓት ሊለያዩ ይችላሉ። ክትባቱ፣ ምርጫውና እሸጋውም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ሣጥኑ መኪና ላይ ሲወጣ ከውስጡ ካሉት ገሚሶቹ አንድ ሙሉ ቀን የኖሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ጫጩት የሚያዝ ሰው ዋጋውን ከመጠየቅ ባልተናነሰ «የተፈለፈሉት መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ይህ ጥያቄ ፈልፋዩን አያስቀይምም፤ ካስቀየመው ሌላ ፈልፋይ መፈለግ ይሻላል።

በመንገድ ላይ የሚሆነው

የተለመደው የጫጩት ሣጥን 100 ጫጩት ይይዛል። ውስጡ በአራት ተከፍሎ በየክፍሉ 25 ይገባል፤ መኪናው ሲዞርና ሲነጥር ሁሉም በአንድ ጥግ ተከምረው እንዳይተፋፈኑ ነው። በጎኑና በክዳኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ለጌጥ የተበሱ አይደሉም። መቶ ጫጩት በአንድ ላይ ሆነው የሚያወጡት ሙቀትና የተቃጠለ አየር በእነዚያ ቀዳዳዎች ካልወጣ ሣጥኑ ምድጃ ይሆናል። ጫጩቶቹ በሣጥኑ ውስጥ የሚስማማቸው ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ ይህን የሚፈጥሩት በአብዛኛው በራሳቸው ገላ ነው። ስለዚህ ከሣጥኑ ውጭ ያለው አየር ከዚያ ቀዝቀዝ ብሎ ለሰው የሚመች ዓይነት ቢሆን ይበቃል።

የእኛን መንገድ አስቸጋሪ የሚያደርገው ርቀቱ ብቻ አይደለም፤ ከፍታው መለዋወጡ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት አየሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይሞቃል፤ ሽቅብ ሲወጣም በዚያው መጠን ይቀዘቅዛል። ደባርቅ 2,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቷ ብርድ ነው። ሾፌሩ ወይም ተቀባዩ አዝኖ ሣጥኖቹን በላስቲክ ወይም በብርድ ልብስ ይሸፍናቸዋል፤ በደባርቅ ይህ ትክክል ነው። መኪናው ሊማሊሞን ሲጀምር ግን ማንም ሽፋኑን አያስታውስም። ከገደሉ ሥር ወደ ድብ ባሕር ሲደርስ አየሩ ሌላ ነው፤ ሣጥኑ ግን አሁንም ደባርቅ እንዳለ ተሸፍኗል። ብርድ ጫጩትን ቀስ ብሎ ይገድላል፤ ሙቀትና መታፈን ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሣጥን ሙሉ ሊጨርሱ ይችላሉ። በዓባይ በረሃም የሚሆነው ይኸው ነው። ከጫጩቱ ጋር የሚጓዝ ሰው አንድ ሥራ ብቻ ቢሰጠው፣ ሽፋኑን እንደ አየሩ ማልበስና ማንሣት ይሁን።

መኪና ሲቆም አየር ይቆማል። ምሳ ለመብላት ፀሐይ ላይ የተተወ ሚኒባስ በበረሃው ውስጥ ከመጓዝ ይከፋል። ኬላ ላይ ወይም በተናደ መንገድ ምክንያት መቆም ግድ ሲሆን በሮቹ ይከፈቱ፤ ሣጥኖቹ ጥላ ወዳለበት ወርደው ይነጣጠሉ። ሲደረደሩም በመካከላቸው የእጅ መዳፍ የሚያሳልፍ ክፍተት ይተው። በአውቶቡስ ጣራ ላይ ጫጩት መጫን ከቶ አይገባም፤ ከላይ ፀሐይና ነፋስ፣ ከታች ንዝረት ነው። ከመናኸሪያ እስከ ቤት ያለችው አጭር የባጃጅ መንገድም ትታሰብ፤ ከረጅሙ ጉዞ የተረፉ ጫጩቶች በደባርቅ የማለዳ ነፋስ ክፍት ባጃጅ ላይ ሲበርዱ ማየት የተለመደ ነው።

ድብ ባሕር የሚቀበል ሰው መኪናው ማታ ደባርቅ ከደረሰ ምርጫ ይገጥመዋል፦ እዚያ ማደር ወይም በሌሊት ሊማሊሞን መውረድ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆረጠው ያ መንገድ በጭጋግና በጨለማ ለሰውም አይመከር፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ናዳ አለው። ማደር ግድ ከሆነ ሣጥኖቹ መኪና ውስጥ አይተዉ። ነፋስ ወደማይገባበት፣ ሰው ወደሚያድርበት ክፍል ገብተው፣ ከወለሉ በእንጨት ከፍ ተደርገው ይቀመጡ። የተፈለፈሉበት ሰዓት ከ48 ያለፈ ከሆነ በዚያው ሌሊት ሞቅ ያለ ውኃ ማቅመስ ያስፈልጋል፤ እስኪነጋ መጠበቅ የመጨረሻውን ስንቅ መጨረስ ነው።

በዚህ ላይ የበዓል ገበያ የሚያመጣው ችግር አለ። ለፋሲካ ገበያ ዶሮ ለማድረስ የሚፈልግ አርቢ ሦስት ወር ተኩል ያህል ወደ ኋላ ቆጥሮ ጫጩቱን የሚያዝዘው በታኅሣሥና በጥር ነው፤ ማለትም ደባርቅና ዳባት በውርጭ በሚያድሩበት ወቅት። ለዕንቁጣጣሽ የሚያዝዘው ደግሞ ግንቦት ላይ፣ ቆላው ገና በሙቀት እያለ ነው። ገበያውን መለወጥ አይቻልም። የሚቻለው ለፋሲካው ጫጩት የማገዶና የከሰል ወጪውን አስቀድሞ በሒሳብ ማስገባት ነው፤ ብዙዎች ይህን ወጪ የሚያውቁት ጫጩቱ ከመጣ በኋላ ነው።

ቤቱ ከእንግዳው ይቅደም

ጫጩት ቤት ከመድረሷ 24 ሰዓት በፊት ክፍሉ መሞቅ አለበት። አየሩ በሁለት ሰዓት ሊሞቅ ይችላል፤ ወለሉ ግን አይሞቅም። የሲሚንቶም ሆነ የጭቃ ወለል ብርድ ይዞ ይቆያል፤ ጫጩቷ ደግሞ በእግሯና በሆዷ የምትኖረው ወለሉ ላይ ነው። ከወለሉ በላይ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ጉዝጓዝ ይነጠፍ። ሰጋቱራ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ካልተገኘ የተከተፈ ደረቅ ጭድ ይሆናል። የሻገተ ጭድ ግን የጫጩትን ሳንባ ስለሚያጠቃ ለመቆጠብ ተብሎ አይነጠፍ።

ክፍሉ ሰፊ ቢሆንም ጫጩቶቹ ሙሉውን አይያዙት። ካርቶን፣ ሰሌን ወይም ቆርቆሮ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ክብ አጥር ማበጀት ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንድ ካሬ ሜትር 40 ጫጩት ገደማ ይበቃዋል፤ ከዚያ አጥሩ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይስፋ። አጥሩ ክብ የሚሆነው በምክንያት ነው፤ ማዕዘን ባለበት ቦታ የደነገጡ ወይም የበረዳቸው ጫጩቶች ይከመራሉ፤ ከሥር ያሉት ታፍነው ይሞታሉ።

ሙቀቱ ከየት ይምጣ? መብራት ባለበት አምፖል ይቀላል፤ የማይቆራረጥ መብራት ግን በአካባቢያችን ሁሉም ዘንድ የለም። ስለዚህ አምፖል ያለውም ቢሆን ከሰል አዘጋጅቶ መተኛት አለበት። የከሰል ምድጃ በጫጩቶቹ መካከል ሲቀመጥ ዙሪያው በቆርቆሮ ወይም በጡብ ይከለል። ሳይጨስ በውጭ በደንብ የቀላ ከሰል ብቻ ይግባ፤ ከጣራው ሥርም አየር የሚወጣበት ክፍተት ይተው። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ ጫጩቱንም፣ አጠገባቸው ሊያድር የገባውን ሰውም ይገድላል። ይህን በዋዛ የሚያዩ አሉ፤ ስለዚህ ደግመን እንላለን፦ ከሰል በነደደበት ዝግ ክፍል ውስጥ ማንም አይተኛ።

ለጥቂት ጫጩት፣ ለ50 ለ60 ያህል፣ ማገዶ የማይፈልግ ዘዴ አለ። የጅማ ግብርና ኮሌጅ ተመራማሪዎች ለገጠር ቤተሰብ ብለው ያስተዋወቁት የሣር ሣጥን ማሳደጊያ ነው። ሣጥኑ ግድግዳው በደረቅ ሣር የተሞላ ሲሆን፣ ጫጩቶቹ በመካከሉ ባለው ጎጆ ሌሊት ገብተው በራሳቸው ሙቀት ያድራሉ፤ ሣሩ ሙቀቱ እንዳይወጣ ይይዘዋል። ቀን ወጥተው ይበላሉ። በደጋ ግን ብርዱ ጠንካራ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የፈላ ውኃ የተሞላ፣ በጆንያ የተጠቀለለ ጄሪካን ከጎጆው ጎን ማኖር ይረዳል። ውኃው ሌሊት አንዴ ይለወጣል፤ እንቅልፍ ያሳጣል፤ ከሰል ግን ይቆጥባል።

በመጀመሪያው ሳምንት በጫጩቷ ጀርባ ከፍታ ላይ የሚያስፈልገው ሙቀት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ላባ እስክታወጣ ይዘልቃል። ቴርሞሜትር በግድግዳ ላይ በሰው ቁመት ከተሰቀለ የሚናገረው የሰውን ሙቀት ነው፤ ወደ ታች ይውረድ። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ጫጩቶቹን ያንብብ። ከሙቀቱ ሥር ተጠጋግተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከጮኹ በርዷቸዋል። ከሙቀቱ ሸሽተው ክንፋቸውን አንሥተው አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከተሰበሰቡ በተቃራኒው በኩል ነፋስ የሚያስገባ ሽንቁር አለ፤ ይፈለግ። በእኩል ተበትነው ግማሹ ሲበላ ግማሹ ከተኛ፣ ቴርሞሜትሩ ምንም ይበል ምን፣ ቤቱ ልክ ነው።

ውኃ መጀመሪያ፣ መኖ ቀጥሎ

ሣጥኖቹ ሲደርሱ መጀመሪያ ይነጣጠሉ፤ ከዚያ ተከፍተው ጫጩቶቹ ይቆጠሩ። ብዙ ፈልፋዮች በመንገድ ለሚሞተው ማካካሻ በመቶው ሁለት ጨምረው መላክ ልማዳቸው ስለሆነ ቆጠራው አሻሻጩ ባለበት ቢሆን ጥሩ ነው። ቆጠራው ግን ጫጩቱን በብርድ የሚያስቆም ክርክር አይሁን።

ከሁሉ የሚቀድመው ውኃ ነው። ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ በአንድ ሊትር 50 ግራም፣ በሾርባ ማንኪያ አራት ያህል፣ ስኳር ተበጥብጦበት ይቅረብ። በውኃ የሚሟሟ ቫይታሚን ካለ በፓኬቱ ላይ በታዘዘው መጠን ይጨመር። እያንዳንዷን ጫጩት ከሣጥኑ ስታወጡ የመንቁሯን ጫፍ ብቻ ውኃው ውስጥ አንድ ጊዜ ንክር አድርጋችሁ ልቀቋት፤ አፍንጫዋ አይግባ። መጠጣት ምን እንደ ሆነ የምታውቀው በዚያች ቅጽበት ነው፤ አንዷ ካወቀች አጠገቧ ያሉት ይከተሏታል። 300 ጫጩት አንድ በአንድ መንከር አድካሚ ይመስላል። ሁለት ሰው በተረጋጋ አሠራር ግን ብዙም ሳይቆይ ይጨርሰዋል፤ በዚህ ጽሑፍ ከተጠቀሱት ሥራዎች ሁሉ በትንሽ ድካም ብዙ ሕይወት የሚያተርፈውም እሱ ነው። ውኃ መያዣው ሰፊና ክፍት ሣህን ከሆነ ጠጠር ይሞላበት፤ ጫጩት በሁለት ሴንቲ ሜትር ውኃ ትሰጥማለች፤ ባትሰጥም ረጥባ በብርድ ትሞታለች። የስኳሩ ውኃ ለመጀመሪያው ግማሽ ቀን ነው፤ ከዚያ በንጹሕ ውኃ ይተካ፤ ሲቆይ ይፈላል፤ ያስቀምጣልም።

ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ መኖ ይሰጣል። መኖው የጫጩት መኖ ይሁን፤ ፕሮቲኑ 20 በመቶ አካባቢ ነው። በመጀመሪያው ቀን መመገቢያ ላይ ብቻ ሳይሆን ጉዝጓዙ ላይ በተነጠፈ ሻካራ ወረቀት ላይም ይበተን። ጫጩት ስትራመድበት የሚሰማው ኮሽታ የሌሎቹን ዐይን ይስባል። ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ወረቀት ግን እግሯን ያንሸራትትና ያንፈራጥጠዋል፤ አይሁን። ወረቀቱ በሦስተኛው ቀን ገደማ ይነሣ።

ከመኖ ጋር የተያያዘ አንድ ጥብቅ ነገር አለ፦ መኖው ቤት ሳይገባ ጫጩት አይታዘዝ። «ጫጩቱ ይምጣ፣ መኖው ከጎንደር ይመጣል» የተባለበት ቤት ስንት ጊዜ እንደ ከሰረ የሚያውቀው ያውቀዋል። መንገድ ሊዘጋ፣ መኪና ሊቀር ይችላል። መኖው የግድ ከዘገየ ለአንድ ለሁለት ቀን በደቃቁ የተሰነጠቀ በቆሎ ተቀቅሎ ከተፈረፈረ እንቁላል ጋር ነፍስ ያቆያል። በቆሎ ብቻውን ግን ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም።

መብላት አለመብላታቸውን ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። በገቡ በ8 ሰዓት አሥር ጫጩቶች ከተለያየ ቦታ ያዙና ከአንገታቸው ሥር ያለችውን የምግብ ከረጢት በጣት ጫፍ ዳስሱ። ሞልታ እንደ ራሰ ገንፎ ለስለስ ካለች በልታለች፣ ጠጥታለችም። ከጠነከረች ውኃ አላገኘችም። ባዶ ከሆነች ሁለቱንም አላገኘችም። ከአሥሩ ስምንቱ ካልሞላላቸው ነገር አለ፤ ወይ ሙቀቱ፣ ወይ ብርሃኑ፣ ወይ የመመገቢያው ቦታ። በማግስቱ ሁሉም መሙላት ይኖርበታል። እግራቸውንም በጉንጫችሁ ላይ አስነኩ፤ ከቀዘቀዘ ጫጩቷ በርዷታል፤ የበረዳት ጫጩት መኖ ፊቷ ቢፈስስም አትበላም። ብርሃኑ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሌሊቶች አይጥፋ፤ በጨለማ ጫጩት አትበላም፤ ፋኖስም ቢሆን ይብራ፤ ጭሱ ግን ይታሰብ።

ደካሞቹ

ከረጅም ጉዞ በኋላ ጥቂቶች ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ክንፋቸውን ጥለው ይገኛሉ። የእግራቸው ቆዳ ደርቆ የደም ሥራቸው ጎልቶ ከታየ ውኃ አልቆባቸዋል። እነዚህ ለብቻቸው በትንሽ ሣጥን ሞቅ ባለ ቦታ ይለዩ፤ ከጠንካሮቹ ጋር ከተዉ ይረገጣሉ። ለብ ያለው የስኳር ውኃ በመርፌ አልባ ስሪንጅ ወይም በጣት ጫፍ አንድ አንድ ጠብታ በመንቁራቸው ጎን ይንጠብጠብላቸው፤ ራሷ ትዋጠው። አፏን ከፍቶ መጋት ሳንባዋ ውስጥ ማፍሰስ ነው።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ኩሳቸው ከኋላቸው ደርቆ መውጫቸውን የደፈነባቸው ይኖራሉ፤ በመንገድ የበረዳቸው ወይም የሞቃቸው ጫጩቶች ላይ የተለመደ ነው። ካልተከፈተ ይገድላል። ለብ ባለ ውኃ በራሰ ጨርቅ እስኪለሰልስ ይዞ ቀስ ብሎ ማንሣት ነው፤ በደረቁ መንጨት ቆዳዋን ይገሽራል። ከዚያ ደርቃ ትመለስ። እግሯ በሁለት አቅጣጫ የተንፈራጠጠባት ጫጩት ሁለት እግሮቿ በመጠነኛ ርቀት በለስላሳ ጨርቅ ለጥቂት ቀናት ቢታሰሩ ብዙ ጊዜ ትቆማለች። እምብርቷ ያልተዘጋ፣ ያበጠና የሚሸት ጫጩት ግን ከመፈልፈያው የያዘችው ቁስል ነው፤ ለመዳን ያላት ዕድል ጠባብ ነው። ሦስቱን ለማዳን ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል የቀሩት 290 የበረዳቸው ሰው ልቡ መልካም ቢሆንም ቅደም ተከተሉን አጥፍቷል።

የሐበሻ ዶሮ ያለው ሰው ሌላ መላም አለው። ለሦስት ሳምንት ያህል ስታቅፍ የቆየች ዶሮ በሌሊት፣ በጨለማ፣ እንቁላሎቿ ተነሥተው የአንድ ቀን ጫጩቶች ከሥሯ ቢገቡ ነግቶ ስታያቸው የራሷ አድርጋ ትቀበላቸዋለች። አሥር አሥራ ሁለት ያህል ትሸከማለች። ለአሥር ጫጩት ከእሷ የሚበልጥ ማሞቂያ አልተሠራም። ዶሮዋ ግን ቅማልና በሽታ የሌለባት መሆኗ ይታይ።

ከፍታውና የዶሮው ዓይነት

በደባርቅ ከፍታ አየሩ የሚሰጠው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ይህ በዝግታ ለሚያድጉት ብዙ ችግር አይደለም፤ በስድስት ሳምንት ለዕርድ እንዲደርሱ ተመርጠው የተራቡት የሥጋ ዶሮዎች ግን ልባቸው ከሥጋቸው ዕድገት ጋር መራመድ ያቅተውና በሆዳቸው ውኃ ቋጥረው ይሞታሉ። ብርድ ይህን ያባብሰዋል። ስለዚህ ለደጋው እንደ ሳሶ ያሉት ለሥጋም ለእንቁላልም የሚሆኑ ዝርያዎች ይመረጣሉ። ድብ ባሕር ዝቅ ያለች በመሆኗ በዚህ በኩል ከደባርቅ ትሻላለች፤ ፈተናዋ የቀን ሙቀት ነው።

በሽታን ከመንገድ ጉዳት መለየት

በእናት ዶሮ ሥር የሚያድጉ የሐበሻ ጫጩቶች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ውስጥ ከ40 እስከ 60 በመቶ ያህሉ በበሽታና በአውሬ እንደሚያልቁ የሀገር ውስጥ ጥናቶች ደጋግመው ያነሣሉ። የመጣው ጫጩት ከእነዚህ ጋር ከተቀላቀለ ዕጣው ያው ነው። ፈንግል በግቢ ዶሮ፣ ከገበያ በተገዛ ዶሮ፣ በሰው ጫማም ይገባል። የጫጩቱን ክፍል የሚንከባከብ ሰው ለዚያ ብቻ የሚያደርገው ጫማ ይኑረው፤ የጎረቤት ልጆች ለማየት መጉረፋቸውም ይቅር፤ ይህን መከልከል ከባድ መሆኑ ባይካድም።

ክትባቱን በሚመለከት፣ በመፈልፈያው የተሰጠው ምን እንደ ሆነ በጽሑፍ ይጠየቅ። ከዚያ በኋላ በተለምዶ የፈንግሉ የመጀመሪያ ክትባት በመጀመሪያው ሳምንት፣ የጉምቦሮው በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ፣ ሁለተኛው የፈንግል ክትባት በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት መካከል ይሰጣል፤ ቀኑን የሚወስነው የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ክትባቶቹን የሚያመርተው በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ብዙዎቹ ክትባቶች ሙቀት ያጠፋቸዋል፤ ስለዚህ ከደባርቅ ወደ ድብ ባሕር በበረዶ መያዣ ሣጥን ይውረዱ። ሙቀትን የተሻለ የሚችል የፈንግል ክትባት ስላለ ማቀዝቀዣ የሌለው አርቢ ባለሙያውን ስለ እሱ ይጠይቅ። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ በመሆኑ ጎረቤታሞች በአንድ ቀን ቢያስከትቡ ወጪው ይካፈላል። በውኃ የሚሰጥ ከሆነ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ክትባቱን ስለሚገድል የምንጭ ወይም የዝናብ ውኃ ይሻላል።

ሟቾቹን ለይቶ መመዝገብ ከየትኛውም መድኃኒት ይቀድማል። ደብተር ላይ ቀኑና ቁጥሩ ይጻፍ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀን የሚሞቱት በአብዛኛው መንገዱ ወይም መፈልፈያው የጎዳቸው ናቸው። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ክብደታቸው ቀልሎ፣ የምግብ ከረጢታቸው ባዶ ሆኖ የሚሞቱት መብላት ሳይጀምሩ አስኳላቸው ያለቀባቸው ናቸው፤ ጥፋቱ የቤቱ ነው። ነጭ ተቅማጥ እየታየ ሞቱ በየቀኑ ከጨመረ፣ ወይም በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ደም የቀላቀለ ኩስ ከታየ ግን በሽታ ነው፤ የሞተችውን ጫጩት በላስቲክ ጠቅልሎ ወደ እንስሳት ክሊኒክ መውሰድ ይገባል። ደም የቀላቀለው ብዙ ጊዜ ኮክሲዲዮሲስ ሲሆን፣ ከእርጥብ ጉዝጓዝ ጋር ይመጣል፤ በአምፕሮሊየም ይታከማል። ምክንያቱ ሳይታወቅ ለሁሉም አንቲባዮቲክ መበጥበጥ ግን በየቤቱ የተለመደ ስሕተት ነው፤ የበረዳትን ጫጩት ምንም አንቲባዮቲክ አያሞቃትም።

አይጥ፣ ድመትና ሸለምጥማጥ በአንድ ሌሊት የሚያደርሱት ጉዳት ከበሽታው አያንስም። ጠዋት ሬሳ ሳይኖር ቁጥር ከጎደለ የሚመረመረው የግድግዳው ሥር ነው።

ከ45 ቀን በኋላ፣ ላባቸው ሲሞላ፣ ጫጩቶቹ ሁለተኛውን ጉዞ ይጀምራሉ። አሳዳጊው ለየቀበሌው ገበሬ ያከፋፍላቸዋል፤ እነሱም በቅርጫት፣ በአህያና በሰው ትከሻ ወደ ሩቅ መንደር ይሄዳሉ። ያኔም ማለዳ ቢጓዙ፣ ከመነሣታቸው በፊት ውኃ ቢጠጡ፣ ለተቀባዩም የለመዱት መኖ የሦስት ቀን ያህል በላስቲክ ተቋጥሮ ቢሰጠው፣ የተከተቡበት ቀንም በወረቀት ተጽፎ አብሮ ቢሄድ፣ አዲሱን ግቢ እስኪለምዱ ድረስ ያሻግራቸዋል።